ሽማግሌ የጠራ ትሬለር

ሳሊሀ ፊልም ስታሳይ ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ አታውቅም። ዓይኗ ሁልጊዜ ተመልካቹ ላይ ነው። በዚያ የቆቦ ገበያ ቀንም በአሚና ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቆማ፣ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ቴሌቪዥን ጀርባዋን ሰጥታ፣ በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሰው ፊት ፊቱን ታይ ነበር። በቴሌቪዥኑ «ጎሊና ሲሞላ» የተባለ የፍቅር ፊልም ትሬለር፣ አጭሩ ማስተዋወቂያ፣ ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ፊልሙን የሠሩት የወልድያ ወጣቶች ሲሆኑ የቀረፁትም እዚሁ ቅርብ፣ ጎሊና ወንዝ ዳር ነው።

ለሳሊሀ ትሬለር መጥሪያ ነው። ማንን እንደሚጠራ የሚታወቀው ግን መንገዱን ሲሄድ ቆይቶ ድንገት በሚቆም ሰው እግር ነው። ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው የገበያ ጥናት ነበር። መምህሮቿ «ዒላማ ተመልካች» ይሉት የነበረውን ነገር በደንብ ታውቀዋለች፤ ቃሉን ግን አፏ ላይ አታመጣውም። ዒላማ የሚተኮስበት ነው። እሷ «ማን ይቆማል?» ትላለች።

ከጧት ጀምሮ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። በቴሌቪዥኑ ልጁ በሞተር ብስክሌት አቧራ እያስነሳ ሲመጣ ያፏጫሉ፤ ልጅቷን አፈናጥጦ ሲሄድ ደግሞ ይብስባቸዋል። የተማሪ ቤት ሴቶች ልጆች በዓይናቸው ጠርዝ አይተው፣ ተነካክተው፣ ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ መቆም መታየት ነዋ። ሽንኩርት ጭነው ከመስኖው ማሳ የሚመጡት ባለትዳር ሴቶች ግን ዞረው እንኳ አያዩም።

ከአንዲት ቦታ በቀር። በትሬለሩ መሐል፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ለምታህል ጊዜ፣ ልጅቷ ነጠላዋ በውኃ ርሶ ወንዙ ዳር ቆማ ትታያለች። በወዲህ አባቷ፣ በወዲያ የልጁ አባት ዱላ ይዘው ይጯጯሃሉ። ያኔ ዶሮ በብብቷ ያቀፈች አንዲት ሴት ቀጥ አለች። ከኋላዋ የምትመጣው ተጋጨቻት፤ እሷም ቀና ብላ እዚያው ቀረች። ወዲያው ሞተር ብስክሌቱ ተመልሶ ሲመጣ ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሳሊሀ ያየችውን አየች።

አሚና ሻይ እያቀረበች፣ ሳሊሀ ሰው ሰው እያየች ሻይዋን ስላቀዘቀዘች «ደንበኛ የምታመጪ ነሽ ወይስ የምታባርሪ?» ብላ ነካካቻት። ሳሊሀም እሑድ ፊልሙን ለማየት ትመጣ እንደሆን ጠየቀቻት።

«ወንድ በጨለማ ሲያፏጭ ለመስማት?» አለች አሚና። «እሱማ ቤቴም አለልኝ።»

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ለሳሊሀ ቀልድ አልነበረም። የፊልም ቤቱ ዕጣ የተንጠለጠለው እዚያች መልስ ላይ ነው። ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ የባሏ አባት የሐጂ አራጋው ግቢ ጠርዝ ላይ የተሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ የሆነ አዳራሽ ነው። ያቋቋመው ባሏ ሙሀመድሰይድ ነበር። እሱ ሞቶ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ሥራውን የያዘችው እሷ ናት። ሐጂ አራጋው ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ደጃፉን ረግጠው አያውቁም። ባለፈው ወር ወጣቶች ፊልም መሐል ተደባድበው የአንዱ ጥርስ ሲወልቅ ወሬው መስጊድ ደረሰ። ሐጂም ጠርተው አስቀመጧት። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቤቱ በስማቸው ነው የሚጠራው፤ ሚስቱንና ልጁን ይዞ የሚገባበት ሰው ከሌለ ማሽላ ይግባበት፤ የእህል ነጋዴውም ከሰኞ ጀምሮ ሊረከብ ዝግጁ ነው አሏት። ሳሊሀ አንድ ፊልም ብቻ እንዲታገሷት ለመነች። እሑድ ራሳቸው ከደጅ ቆመው ማን እንደሚገባ ሊያዩ ተስማሙ።

እሷም ሌላ ቤት፣ ሌላ ሥራ አጥታ አልነበረም። ማሽላ ከገባበት በኋላ ግን በዚያ ደጃፍ ማለፍ እንደማትችል ታውቅ ነበር። ይህን ለማንም አልነገረችም።

ከሻይ ቤቱ እንደተመለሰች የፊልሙ አዘጋጅ ወደሆነው ወደ እሸቴ ደወለች። ትሬለሩን እንደገና ልቁረጠው አለችው። ሞተሩ ይውጣ፣ ዘፈኑ ይውጣ፣ መተቃቀፉም ይውጣ፤ የወንዙ ዳር ጠብ ግን ይርዘም። እሸቴ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ጠየቃት። ያ ሞተር ብስክሌት የተገኘው በስንት ልመና እንደሆነ፣ ዘፋኙም ዘመዱ እንደሆነ ነገራት። ሲደክመው፦

«እህቴ፣ የፍቅር ፊልም ነው እኮ። ፍቅሩን አውጥተሽ ምን ልታስቀሪበት ነው?»

«አባቶቹን» አለችው። «ልጆቹን ለማየት የሚመጡት አሁንም ይመጣሉ። እኔ የምፈልገው እናቶቹን ነው።»

ቆጭቶትም ቢሆን ምስሉን በስልክ ላከላት። ሳሊሀ ላፕቶፗን ከፍታ ከሰዓቱን በሙሉ ስትቆርጥ ስትቀጥል ዋለች። መጨረሻ ላይ የቀረው የሚያጓራ ጎርፍ፣ የሁለት አባቶች ጩኸትና የልጅቷ ድምፅ ነው። «ለአንድ ቀን የመስኖ ውኃ ተራ ብላችሁ ልትገዳደሉ ነው? ሳትታረቁ ማንንም አላገባም። የሽማግሌ ያለህ! ደም ሳይፈስ ድረሱልን!» ከዚያ ጎርፉ ብቻ ይሰማል። በማግስቱ በአሚና ቴሌቪዥን ስትከፍተው ሴቶች ቆሙ። እቃቸውን መሬት አስቀምጠው ሳይቀር ቆሙ። ሳሊሀ ልቧ ረጋ።

የቀሩት አጎራባቾቹ ከተሞች ሮቢትና ዋጃ ናቸው። እዚያ ማስታወቂያ የሚያደርሰው ካሳው ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ወሬኛ፣ ባጃጁ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ከሠርግ እስከ ክትባት ዘመቻ የሚለፍፍ ሰው። ባጃጅ ስክሪን ስለሌላት ሳሊሀ ድምፁን ብቻ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው። ካሳው በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በየመንደሩ መግቢያ የልጅቷን ልቅሶ ይለቅና፣ መጨረሻ ላይ ባለችው ጥቂት ድምፅ «እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ቆቦ፣ ሐጂ አራጋው ግቢ! ሁላችሁም እንድትገኙ!» ብሎ ያልፋል። ፊልም መሆኑን አልተናገረም። ሳይነገረውስ ማን ያጣዋል ብሎ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ሳሊሀ ወንበር ልትወለውል ስትመጣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ሰው ተቀምጦ አገኘች። ነጭ የለበሱ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌዎች ናቸው። ከእነሱ ፈንጠር ብለው፣ ምርቃታቸው ስለማይነጥፍ ሰው ሁሉ የሚሻቸው አሮጊቶች፣ ዱበርቶቹ፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቆጥራሉ። ከዋጃ የመጣው ሚኒባስ ገና እያራገፈ ነው። ሳሊሀ መጀመሪያ ደስ አላት። ይህን ያህል ሰው፣ ያውም የተከበረ፣ ያውም ቀድሞ! ደስታዋ ግን ሰላምታውን እስክትጨርስ እንኳ አልቆየላትም። ከዋጃ የመጡት አባ ሙላው፣ በአካባቢው ብዙ ደም ያደረቁ ረጅም ሽማግሌ፣ እጇን እንደያዙ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ልጅቱ የት ናት? በደኅና አለች?»

«የቷ ልጅ፣ አባባ?»

«ያቺ የምታለቅሰዋ። በባጃጅ መልእክት የላከችብን።»

ሳሊሀ መንገዱን አየች። ካሳው ከባጃጁ ጀርባ ጎንበስ ብሎ፣ ጎማውን የሚመረምር መስሎ ተደብቋል። ዘፈኑን ያወጣችው እሷ ናት። ሞተሩን ያወጣችው እሷ ናት። ፊልም የሚያስመስለውን ሁሉ አንድ በአንድ በእጇ ነቅላ፣ የተጨነቀች ልጅ ጩኸት ብቻ አስቀርታ ወደ ራያ ቆላ ላከችው። በራያ ደግሞ የሽማግሌ ያለህ ተብሎ ተጠርቶ የሚቀር ሽማግሌ የለም፤ እርሻውንም፣ ልቅሶውንም ትቶ ይነሳል። ሽማግሌን በከንቱ የጠራ ሰው ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በዚህ መሐል ሐጂ አራጋው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከቤት ወጡ። በደጅ ቆመው ተመልካች ሊያዩ የመጡት ሰውዬ የሦስት ከተማ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ሲያገኙ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እንዲህ ያለ ሰው ተሰብስቦ ወደ ግቢያቸው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ለልጃቸው ቀብር ነበር። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የቤተሰቡ ደኅንነት ሁሉ ተጠየቀ። 

«በቤትህ ጥል ገባ ተብለን ነው የመጣን፣ ሐጂ» አሉ አባ ሙላው።

ሐጂ ዞረው ሳሊሀን አዩዋት። አሚናም ከሻይ ቤቷ በር፣ የመናኸሪያው ሰውም ከየቆመበት አያት። ካሳውን በጣት ማሳየት ይቻል ነበር። አላሳየችውም። ወደ መሐል ገብታ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች።

«አፉ በሉኝ፣ ማሩኝ» አለች። «ጥል የለም። ፊልም ነው። ልጅቷ ወልድያ ናት፣ አሁን ምሳዋን በልታ ተኝታ ይሆናል። አባቶቹም የእውነት አባቶች አይደሉም። የሰማችሁትን እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እናቶች እንዲመጡልኝ ብዬ ነበር፤ እናንተን ጠራሁ።»

ግራሩ ሥር የሚሰማው የሙስበሃ ድምፅ እንኳ ቆመ። ሐጂ አራጋው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ሳሊሀ ማሽላው ሲገባ ታያት፤ ጆንያ በጆንያ ላይ፣ እስከ ጣራው።

«ደም የለም?» አሉ አባ ሙላው።

«የለም፣ አባባ።»

«የሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። ዱላቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት አጋደሙትና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ። «ተመስገን» አሉ። «እኔስ ስንቱን ቀብሬ እዚያ ወንዝ ዳር ደግሞ ሌላ ልቀብር ነው ብዬ እህል አልወረደልኝም።» አጠገባቸው ያሉት የሮቢት ሼህ አልሐምዱሊላህ አሉ። ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ተመስገኑም ከአልሐምዱሊላሁ ጋር እየተደራረበ፣ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሄደ። ትከሻ ሁሉ ወረደ። ጫማውን አውልቆ እግሩን የዘረጋም አለ። ከዱበርቶቹ በዕድሜ ትልቋ፣ እማ ሲቲ፣ ሳሊሀን በሙስበሃቸው ጠቀሷት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከሐሙስ ጀምሮ ለዚያች ልጅ አልቅሻለሁ። እንባዬን ማን ነው የሚመልስልኝ?»

ሳቁ ድንገት ፈነዳ። ከልባቸው የሳቁት የተሳሳቱት ራሳቸው ናቸው። የሚያስፈራ ነገር ጠብቆ ያጣ ሰው የሚስቀው ሳቅ ነው። ካሳውም ከባጃጁ ጀርባ ቀና አለ።

አባ ሙላው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው እንግዲህ ምን እናድርግ ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ተቀምጧል፣ ጉዳይ ሳይሰማ አይነሳም። «ልጅቱ ትቅረብ» አሉ።

«ሸራ ላይ ናት እኮ፣ አባባ» አለ ካሳው በተዘጋ ጉሮሮው።

«ሸራ ላይም ቢሆን ትቅረብ።»

እርቅ ሊያወርድ የሚገባ ሰው ዱላ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ዱላቸውን ከአዳራሹ በር ግራና ቀኝ እያስደገፉ ገቡ። ሳሊሀ ያላሰበችው ነገር የመጣው ያን ጊዜ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ በር ላይ የተደረደረ ዱላ ሲያይ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ያ ቤት በዚያ ሰዓት የክብር ቤት ነው። ሽማግሌዎቹን ተከትለው ዱበርቶቹ ገቡ። ቀጥላ አሚና ሻይ ቤቷን ዘግታ መጣች፣ እህቷን አስከትላ። ከዚያ ሽንኩርት ሻጮቹ፣ ከዚያ የመናኸሪያው ባለሱቆች ከነሚስቶቻቸው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሲያፏጩ መጥተው በር ላይ ዱላውን አዩ። የፊተኛው ኮፍያውን አወለቀ፤ የኋለኞቹም አወለቁ። አያቱን ከፊት ወንበር ላይ ያየ አንዱ፣ የኋላ ግድግዳ ፈልጎ ተለጠፈ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሳሊሀ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ካለችው በርጩማዋ ላይ ሆና፣ እንደልማዷ፣ ሰውን ማየት ያዘች። እንዲህ ያለ ተመልካች አይታ አታውቅም። ሞተር ብስክሌቱ ሲመጣ ከፊት ያሉት ንብረቱ የማን እንደሆነ ተጠያየቁ። ልጁና ልጅቷ ማሽላ ውስጥ ሲገናኙ ሽማግሌዎቹ በአክብሮት መሬት መሬት አዩ፣ ዱበርቶቹ ግን ቀጥ ብለው አዩ። አሚና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አንድ ሾፌር በስህተት አፏጨ፤ አባ ሙላው ዞረው ሲያዩት ፉጨቱን መልሶ ዋጠው።

ወንዙ ዳር ጠቡ ሲነሳ ከፊት እጅ ወጣ። «አቁሚልን» አሉ የሮቢቱ ሼህ። የልጁ አባት ቃሉን ሳይጨርስ ካሜራው ወደ ልጅቷ ዞሯልና፣ የአንድ ወገን ብቻ ተሰምቶ አይፈረድም ነው ነገሩ። ሳሊሀ ፊልሙን አቆመች። ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ሸራው ላይ ደርቃ ቆየች፤ አዳራሹም ስለ ውኃ ተራ ተከራከረ። ጎርፉን በላይ ያለው ቀድሞ ይጥለፈው ወይስ ተራ ይጠበቅ? ከኋላ ካሉት ሾፌሮች አንዱ፣ የገበሬ ልጅ ነበረና፣ ተነስቶ የአባቱን ሰፈር ልማድ ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹም ጆሮ ሰጥተው ሰሙት። ሲስማሙ ቀጥይ አሏት፤ ቀጠለች።

ሐጂ አራጋው እስከዚህ ድረስ ደጅ ነበሩ። እንደተናገሩት የሚገባውን ሰው ሲያዩ ቆይተው የሚያዩት አለቀ። ሳሊሀ በበሩ ብርሃን ውስጥ ጥላቸውን አየች። ዱላቸውን ከሌሎቹ ጎን ሲያስደግፉ፣ ከዚያ በጨለማው ውስጥ ወንበር እየዳበሱ ወደ ኋላ ሲመጡ አየች። ከፕሮጀክተሩ አጠገብ አንድ የእንጨት ወንበር አለ፤ መደገፊያው በአንድ ወገን የተላጠ። አዳራሹ ጢም ብሎ በሞላበት ቀን እንኳ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም፤ ሰው ሁሉ የማን እንደነበር ያውቃል። ሐጂ አጠገቡ ቆሙ። እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ።

ሳሊሀ የብዙ ሰው ፊት አንብባለች። ያንን ፊት ግን ማየት አልቻለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሸራው ዞረች። የጎሊና ውኃ እየቀነሰ፣ ድንጋዩ እየተገለጠ ነበር። ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ብቻዋን ተሻገረች። ሳሊሀም እንደማንኛውም ሰው ተቀምጣ አየቻት፤ ጎኗ ያሉት ሰውዬ ሲተነፍሱ እየሰማች።

ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ አልተነሳም። አባቶቹ ሳይታረቁ ነው እኮ ያለቀው፤ ይህ ደግሞ ለማንም አልተዋጠለትም። አባ ሙላው ነጩ ሸራ ፊት ቆመው ጉዳዩን ራሳቸው ጨረሱት። ውኃው በተራ ይሁን፣ ልጅቱም ለወደደችው ትሰጥ፣ አባቶቹ እጅ ይጨባበጡ። እማ ሲቲ ምርቃቱን ያዙ። ዝናቡን ልኩን ያድርገው፣ ወንዙን በዳሩ ይመልሰው፣ የተለያየውን ያገናኝ፣ የሄደውን ይማርልን። እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። ከሳሊሀ ጎን የተሰማው አሜን ከሁሉም ዘግይቶ መጣ።

ሰው እየተሳሳቀ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸው ተቀላቅሎባቸው በር ላይ ትንሽ ተጓተቱ። አሚና በሚቀጥለው የፊት ወንበር ያዢልኝ ብላ፣ ባሏን ይዛ እንደምትመጣ፣ እሱም ማፏጨቱን ቤት አስቀምጦ እንደሚመጣ ነግራ ሄደች። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሳሊሀ ገመድ መጠቅለል ጀመረች። ሐጂ አራጋው ከወንበሩ አልተነሱም።

«ለነጋዴው ማሽላውን ሌላ ጋ ያስገባ ብዬ እልክበታለሁ» አሉ።

«እሺ፣ አባ።» ገመዱን መጠቅለሏን ቀጠለች።

«የሚቀጥለው የማን ጉዳይ ነው?»

ቀና ብላ አየቻቸው። አሁን ፊታቸው የሚታይ ፊት ነበር፤ የደከመ፣ ግን የተፈታ።

«ገና አልመረጥኩም። አንቱ ምን ዓይነት ይወዳሉ?»

ሐጂ መደገፊያው የተላጠበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ አሰቡበት።

«ደም የሌለበት ይሁን እንጂ» አሉ በመጨረሻ «የወደድሽውን አምጪ። ለካሳው ግን ፊልም ነው በል በይው።»

ሳሊሀ ሳቀች። ሳቁ በባዶው አዳራሽ ቆርቆሮ ላይ ሲያስተጋባ የራሷ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።